በወልድያዋ ድምፅ

ባሌ ለሬድዮ ይላጫል። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔን ግን አስቆኝ አያውቅም። ለሠርግ እንኳ ጺሙን አንጨባሮ የሚሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስም "እግዜር የሚያየው ልብን ነው" ብሎ እንደዚያው የሚቆም ሰው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የጋራዥ ቱታውን ያወልቃል፣ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ይላጭና ጓሮ ወዳለችው ክፍል ይገባል። እዚያ የሚጠብቀው አንድ የመገናኛ ሬድዮና ከወልድያ የሚመጣ የአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ሬድዮ ፊት እንደማያሳይ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

የምንኖረው መርሳ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። እሱ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው፤ እኔ ከቤታችን ጎን፣ ጀርባዋ ከጓሮዋ ክፍል ጋር ግድግዳ የምትጋራ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሬድዮው የሥራው አይደለም። ፈቃድ አውጥተው፣ መሣሪያውን ራሳቸው ገዝተው፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ አማተሮች አሉ፤ ወልድያ፣ ሐራ፣ መርሳና ውርጌሳ ላይ አንዳንድ ሰው። ጎርፍ ሲመጣ፣ መኪና ገደል ሲገባ፣ ሰው ሲጠፋ፣ ከቀበሌውና ከዕድሩ ሰው ጋር ሆነው ይፈልጋሉ። ስልክ ተቋርጦ የዘመዱን መኖር አለመኖር ሳያውቅ የከረመ አገር ስለሆነ እዚህ ማንም እንደ ቀልድ አይቆጥራቸውም። በሬድዮ የሚጠራሩት በሰው ስም ሳይሆን በየከተማቸው ስም ነው፤ የተጠሪው ይቀድማል፣ የጠሪው ይከተላል። ባሌ "መርሳ" ይባላል። እሷ "ወልድያ" ናት። አስተባባሪያቸውም እሷ ናት።

የሚፈለግ ሰው ባይኖርም አመሻሹ ላይ መሣሪያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ይጠራራሉ። ሐራ "ደህና ነኝ" ይልና ይወጣል። ውርጌሳም እንደዚያው። መርሳና ወልድያ ግን አይላቀቁም። ሰዓቱ ደግሞ ሱቄ ሰው የሚበዛበት ነው፤ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ሻማ ይላል፣ እኔ ጆሮዬን ጀርባዬ ላይ ካለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ለጥፌ እቀዳለሁ፣ እመዝናለሁ። ቃሉ ብዙም አይለይም። ሳቋ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። የባሌም ሳቅ ይከተላል። ከዚያ "ተቀበይ" ሲላት እሰማለሁ። ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንቺ ነው ማለት ነው። ለእኔ ግን እንዲያ ለስለስ ባለ ድምፅ ምንም ነገር ተቀበይ ብሎኝ አያውቅም። አስቤዛውን እንኳ ከደጃፍ ላይ ጥሎልኝ ነው የሚያልፈው።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ጠየቅኩት።

"ቆንጆ ናት?"

"ማን?"

"ወልድያ።"

"አይቻት አላውቅም።"

"በድምፅስ?"

"አምስት በአምስት ናት" አለ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ሳያፍር።

ያን ቀን ሰሃኑን ያጠብኩት በንዴት ነው። አምስት በአምስት ማለት ድምፁ ሳይቆራረጥ በደንብ ይሰማል ማለት መሆኑን ቆይቶ ነው ያወቅኩት። ይሁን። ለእኔ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ እንኳ የሰጠኝ የለም።

ወደዚያች ክፍል ገብቼ አላውቅም። ኩራት ይዞኝ ነው። የሚገባ ሌላ ሰው ነበር፣ አባቴ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ያቺን አሮጌ ኤንትሬ ይዞ ከደሴ እስከ ቆቦ ያልረገጠው የለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አእምሮው ወደ ኋላ ማርሽ ገብቷል። ጠዋት ተነስቶ የመኪና ቁልፍ ይፈልጋል። ረዳቱን ይጣራል። እኔም "አባዬ፣ መኪናው ተሽጧል እኮ" እለዋለሁ። ገና ያን ጊዜ የሰማ ይመስል ፊቱ ይከፋል። በማግሥቱ ደግሞ ቁልፉን ይፈልጋል። እውነቱን ካልነገርኩት ሌላ ምን ልንገረው?

አመሻሽ ሲሆን ባሌ እጁን ይዞ ወደ ሬድዮው ክፍል ያስገባዋል። እኔ ይህንንም በክፉ ነበር የተረጎምኩት። ሽማግሌ አጠገቡ ያስቀመጠ ባል ማን ይጠረጥረዋል? አባቴን መሸፈኛ አደረገው አልኩ፤ የአባዬ ዝግ ያለ ድምፅ ደግሞ ግድግዳውን አያልፍም።

አባዬ የጠፋው በገበያ ቀን ነው። ምሳ በልቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ደንበኛ በዛብኝና ዞር አልኩ፤ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ጓሮ የለም። ጋራዡ ጋ የለም። ጎረቤት አላየም። ወጪ ወራጁ በበዛበት ገበያ መሃል ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ እንዴት ይለያል? ቀና ስል ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ተራራ አናቱ ጠቁሯል። ዝናብ ሊጥል ነው። ጮኼ ሰው ጠራሁ።

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። የዕድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን ይዞ መጣ። ሊነፋ ሲል አንድ አዛውንት እጁን ያዙት። "ተው! ይህን ከነፋህማ ሰው ለቀብር ነው የሚወጣው። ሰውየው በሕይወት አሉ" አሉት። ለፋፊው አፍሮ ጡሩምባውን ከጋቢው ስር ከተተው። እኔ ቀብር የሚለውን ቃል ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ባሌ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆነ። የእጅ ሬድዮዎቹን አወጣና አከፋፈለ። አንዱን ቡድን ወደ ወንዙ ላከ፣ አንዱን በባጃጅ በውርጌሳ መንገድ ሰደደ። ወልድያ መናኸሪያ እንዲጠየቅ፣ ሐራም ገበያው እንዲታይ ተነገረ። አባዬ በጉልምስናው ድንጋይ ሲያመላልስበት ወደነበረው፣ ተራራው ላይ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ደግሞ እሱ ራሱ ሊሄድ ነው። ከዚያ እኔን ክንዴን ይዞ ወደዚያች ክፍል አስገባኝ።

"አሁን መርሳ አንቺ ነሽ፣ እኔ ተራራ ነኝ" አለኝ።

"እኔ? በምን አውቄ?"

"ይህን ስትጫኚ ትናገሪያለሽ፣ ስትለቂው ትሰሚያለሽ። ከካባው ጀርባ ስሆን ተራራው ስለሚጋርደኝ እኔና ወልድያ አንሰማማም። አንቺን ግን ሁለታችንም እንሰማሻለን። እኔ ያልኩትን ለእሷ፣ እሷ ያለችውን ለእኔ ታደርሻለሽ። ቃል በቃል። ምንም እንዳትጨምሪ፣ ምንም እንዳትቀንሺ።"

ሮጦ ወጣ። በባሌና በሴትዮዋ መሃል ወሬ አመላላሽ አድርጎኝ ሄደ። ይህን ያሰብኩት አባቴ የት እንዳለ ሳላውቅ ነው። አባቴ ጠፍቶ እንኳ ቅናቴ አብሮት አልጠፋም።

"መርሳ፣ ወልድያ። ማን ልበል? ተቀበል" አለች። በግድግዳ በኩል የማውቀው ድምፅ ነው፤ አሁን ፊቴ ላይ ሆነ።

ማይኩን አንስቼ "ሚስቱ ነኝ!" አልኳት፣ "ሚስቱ" የሚለውን ረገጥ አድርጌ።

"አይዞሽ እህቴ፣ የደረሰኝ 'ነኝ' የሚለው ብቻ ነው። ስትጫኚው ትንሽ ቆይተሽ ተናገሪ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። አባባን እናገኛቸዋለን። ተቀበይ።"

ያን ሁሉ ወራት በሆዴ ስይዘው የከረምኩት ቃል ተቆርጦ ቀረ። ምክሯ ትክክል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ግን ሌላው ቃል ነው ቆይቶ የከነከነኝ። "አባባ" አለች። የእኔን አባት በምን ታውቀውና ነው አባባ የምትለው?

ለማሰቢያ ጊዜ አልነበረም። ወንዙ ጋ ምንም የለም አሉ። ውርጌሳ ምንም አላየሁም አለ። ሐራም የለም አለ። ወልድያ መናኸሪያ ሰው ልካ ሹፌሮቹን ሁሉ አስጠይቃለች፤ ማንም አልጫነውም። እሷ ትሰበስባለች፣ ታከፋፍላለች፤ ድምፅዋ አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም። የእኔ ድምፅ ግን እየተቆራረጠ ነው። እዚያው ሆኜ አነጻጸርኩት።

ከዚያ የባሌ ድምፅ እያለከለከ መጣ።

"መርሳ፣ ተራራ። አገኘናቸው። ካባው አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው። ተቀበይ።"

እንባዬ ማይኩ ላይ ወረደ። ለወልድያ ነገርኳት፤ እልል አለች። እኔ እልል ለማለት ጉልበት አላገኘሁም። ወዲያው ባሌ ተመለሰ።

"ግን አይነሱም። 'መኪናዬ ሳይጫን የት እሄዳለሁ' ነው የሚሉት። ስንጠጋቸው ያፈገፍጋሉ፤ ከኋላቸው ገደል ነው። ከላይ ዝናቡ ጀምሯል። ስንመለስ የምንሻገረው ደረቅ ወንዝ ከሞላ ሁላችንም እዚሁ ነን። ተቀበይ።"

"ሬድዮውን አስጠጋለት፣ እኔ ላናግረው" አልኩ።

ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጎ ወደሱ እንደዘረጋለት ነገረኝ። ተጫንኩት፣ ትንሽ ቆየሁ።

"አባዬ! እኔ ነኝ፣ ልጅህ ነኝ! ና ውረድ፣ ዝናብ መጣ። መኪናው እኮ ተሽጧል አባዬ፣ የሚጫን ነገር የለም!"

ለቀቅኩት። ከዚያ ባሌ ጮኸ።

"እንደሱ አትበያቸው! ተቆጥተው ተነሱ፣ ጠርዙ ላይ ናቸው! 'ማናት ይቺ መኪናህ ተሸጠ የምትለኝ' ይላሉ። 'ወልድያ ሳትጠይቀኝ አልገባም፣ ከእሷ ሌላ አላናግርም' እያሉ ነው። ለወልድያ ንገሪያት። ተቀበይ።"

እንደዚህ ያለውን ቃል በራሴ አፍ ለእሷ ላደርስላት ነው? ግን ጠርዙ ላይ ነው ብሏል። አደረስኩላት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ወልድያ ስትናገር ያ የማይንቀጠቀጥ ድምፅዋ ትንሽ ተነካ።

"እህቴ፣ አመሻሽ አመሻሽ 'አባባ፣ ገቡ ወይ?' እላቸዋለሁ። የዕለቱን መንገድ ይነግሩኛል። የት እንደጫኑ፣ የት ጎማ እንደቀየሩ፣ የትኛው ዳገት እንዳስቸገራቸው። ባለቤትሽ አጠገባቸው ሆኖ ቁልፉን ይጫንላቸዋል እንጂ የምናወራው እኔና እሳቸው ነን። እንደምታውቂ ነበር የመሰለኝ። ተቀበይ።"

አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሳቅ የአባቴ የመንገድ ወሬ ኖሯል። ለአንድ አፍታ ደረቴ ቀለል አለኝ፣ ባሌ ነፃ ወጣ። መላጨቱን እስከ ዛሬ ባያብራራልኝም ነፃ ወጣ። ከዚያ ግን ከበፊቱ የባሰ ነገር መጣብኝ። እኔ ባሌን ስጠብቅ በሌላ በር አባቴን ወስዳዋለች። ልብሱን የማጥብለት እኔ፣ እግሩን የማጥበው እኔ፣ ሽንቱ ሲያመልጠው ፍራሹን ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ። እሷ ወልድያ ቁጭ ብላ "ገቡ ወይ" ትላለች። ይህማ ማንን ያቅተዋል? እኔም የአንድ ሰዓት ልጅ ብሆን ደግ ነበርኩ። እንዲህ እያልኩ በሆዴ ሰደብኳት፣ እሷ ግን መጥራት ጀምራ ነበር።

"ተራራ፣ ተራራ፣ ወልድያ። አባባ፣ ይሰሙኛል?"

ባሌ ከጩኸት በቀር ምንም አይሰማም አለ። እንደገና ሞከረች። ተራራው አላሳለፋትም።

"እህቴ፣ አንቺ በይልኝ" አለች። "ወልድያ ነኝ በያቸው። እኔ ነኝ ብለው እንዲያምኑ። ቶሎ በይ።"

ልጅህ ነኝ ብዬው ያልመጣ አባቴን እሷ ነኝ ብዬ ልጠራው ነው። ድምፅዋን ግን መፈለግ አላስፈለገኝም። ስንት አመሻሽ ስሰማው፣ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አፌን አጣምሜ ሳሾፍበት የከረምኩት ድምፅ ነው። የቱ ጋ ከፍ እንደሚል፣ ቃሉን መጨረሻው ላይ እንዴት ሳብ እንደምታደርገው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅናት ደህና አድርጎ አስጠንቶኛል። ተጫንኩት፣ ቆየሁ፣ ድምፄን አቀጠንኩት።

"አባባ፣ ወልድያ ነኝ። ገቡ ወይ?"

ከዚያ ባሌ ከሩቅ ሬድዮውን ዘርግቶ ተጭኖለት መሰለኝ የአባዬ ድምፅ ከነፋሱ ጋር መጣ።

"አልገባሁም ልጄ። ጫኝ አጣሁ እኮ!"

ልጄ አለኝ። እሷን ስመስለው ልጄ አለኝ። በስንት ጊዜው!

"ዛሬ ጭነት የለም ተብሏል፣ ባዶውን ይመለሱ በያቸው" አለች ወልድያ፤ እኔም አልኩት።

"ባዶውን? እሺ ይሁን" አለ አባዬ። ባሌ ግን አባዬ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ነገረኝ፤ ግራ ቀኝ ያያል፣ ገደሉን ያያል፣ እግሩን አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል።

ወልድያ ምን ልበላቸው ብላ ማሰብ ያዘች። እኔ ግን ያን እግር ማንሳትና ማስቀመጥ አወቅኩት። ልጅ ሆኜ ከጎኑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ወደዚያው ካባ አብሬው ወጥቻለሁ። መንገዱ ጠባብ ስለነበረ መኪናው የሚወጣው ወደ ኋላ ነው፤ አባዬ ረዳቱ ታኮውን ከጎማ ስር አንስቶ ከኋላ "ና!" ብሎ ሳይጠራው ፍሬኑን ለቅቆ አያውቅም። ምንም እንዳትጨምሪ ተብያለሁ። ጨመርኩ፣ በእሷው ድምፅ።

"አባባ፣ ረዳትዎ ታኮውን አንስቷል። ከፊትዎ ቆሟል፣ ሲጠራዎ ቀስ ብለው ይምጡ።"

ባሌ ወዲያው ገባው። ማይኩ ተከፍቶ ስለቀረ ሁሉንም ሰማሁት። "ና! ና! ቀስ! ግራውን ጠብቅ! ና!" ይላል፣ በጤናው ቀን አንቱ እያለ ቀና ብሎ የማያየውን አማቱን። የድንጋይ መንሸራተት ተሰማ። "ና! ና! በቃ!" ከዚያ የብዙ ሰው ጩኸት፣ ከዚያ "ይዘናቸዋል! ይዘናቸዋል!"

ለወልድያ ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማኋት፤ የእኔን አባት አልቅሳ ተቀበለችው። ትንሽ ቆይታ "የረዳቱን ነገር እኔ አላልኩሽም፣ ከየት አመጣሽው?" አለችኝ።

ተጫንኩት። የመጀመሪያው ቃል እንዳይቆረጥ ቆየሁ።

"አባቴ ነዋ" አልኳት።

ጎርፉ ሳይደርስ ተሻገሩ። ቤት ሲደርሱ ዝናቡ እኛም ላይ ወርዶ ነበር። አባዬን በሰው ትከሻ አስገቡት፤ ጉልበቱ ተልጧል እንጂ ደህና ነው። እርጥቡን ልብስ አወለቅኩለት፣ ደረቅ አለበስኩት፣ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩት። አላየኝም። ዓይኑ ወደ ጓሮው ክፍል ነው። ገና ፎጣውን ሳላነሳ ብድግ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሄደ፤ ተከተልኩት። ከሬድዮው ፊት ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠና ማይኩን አነሳ። ጣቶቹ በብርድ ደርቀው ቁልፉን መጫን አቃታቸው። ባሌ ውጭ ሰዎቹን እየሸኘ ነበር። ጎንበስ ብዬ እጄን በእጁ ላይ አደረግኩና በአውራ ጣቴ ተጫንኩለት።

"ወልድያ" አለ አባዬ፣ "ገብቻለሁ ልጄ። ዛሬማ አንዲት ሴት መኪናህ ተሸጠ እያለች ልታሳስተኝ ነበር። ደግነቱ አንቺ ጠራሽኝ።"

ወሬው ገና አላለቀም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ረዳቱ እንዴት ጎበዝ እንደሆነ ነገራት። ጣቴ ደነዘዘ። ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ቁልፉን አልለቀቅኩበትም።